ካሉብ ጋዙ ወጣ፤ ውሃውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ስለ ኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ የምታወጡትን አንድም ሳላስቀር ነው የማነበው። ደስ ብሎኛል፣ ይህን በመጀመሪያ ልናገር። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሉብ በተባለው የጋዝ መስክ ላይ የመጀመሪያው የምርት ምዕራፍ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ እንባዬ መጥቷል። ግን ጽሑፎቻችሁን ሳነብ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ስለ ዶላሩ አለ። ስለ ማዳበሪያው አለ። ስለ ኪዩቢክ ጫማውም አለ። ስለ ውሃ ግን ምንም የለም። እኔ ደግሞ ያንን አገር የማውቀው በውሃ በኩል ነው።

የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበርኩ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን እዚህ ላነሳው በማልፈልገው አንድ ድርጅት ተቀጥሬ፣ በቀብሪደሃርና በሽላቦ መሀል ስመላለስ ወራት አሳልፌያለሁ። ነዳጅ ፍለጋ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የብረት ማማና እሳት ነው። ለኔ ግን ውሃ ማመላለስ ነበር። ሪጉ፣ ማለትም ጉድጓድ መቆፈሪያው መሣሪያ፣ ሲሠራ ጭቃ ይፈልጋል። ጭቃው መሰርሰሪያውን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ ወደ ላይ ያወጣል፣ ከታች የሚመጣውን ግፊት ተጭኖ ይይዛል። ያ ጭቃ የሚቦካው በውሃ ነው። ስለዚህ ሌት ተቀን ቦቴ ይመላለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መንገድ መሀል ቆማ አስቆመችኝ። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ከኋላዋ ሁለት ልጆችና አንድ አህያ አሉ። «ወላል፣ ቢዮ» አለችኝ። ወንድሜ፣ ውሃ ማለቷ ነው። እኔ ቦቴ ሙሉ ውሃ ጭኛለሁ። የድርጅቱ ሕግ ደግሞ ለማንም ጠብታ እንዳትሰጡ የሚል ነው፤ ለአንዱ ከሰጠህ ነገ መንገዱን ጀሪካን ይሞላዋል፣ ሪጉ ውሃ ያጣል፣ ሥራው ይቆማል ይሉናል። ወርጄ ቧንቧውን ከፈትኩና ሞላሁላት። ከጀሪካኑ አፍ የተረፈውን ትንሹ ልጅ መሬት ሳይደርስ በመዳፉ ይቀልበው ነበር። አንዲት ጠብታ አላመለጠችውም። ያ መዳፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ካምፕ ስደርስ አንዱ ነግሮብኝ ኖሮ የሦስት ቀን ደሞዝ ተቆረጠብኝ።

ደሞዙን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ከዚያ በኋላ ሪጉ ላይ የሚሠራ አንድ ባለሙያ የነገረኝን ነው። ጉድጓዱ ጋዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ውሃ ያዘሉ የድንጋይ ንብርብሮችን ሰንጥቆ ያልፋል አለኝ። አንዳንዱ ጨዋማ ነው፣ አንዳንዱ ይጠጣል። ሁሉም በብረት ቱቦና በሲሚንቶ ይታሸጋል። ማሸጉ ትክክል ነው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ካልታሸገ ከታች የሚመጣው ጋዝና ጨው የሰውን ውሃ ያበላሻል። ግን ሲያልፉበት ይለኩታል። በስንት ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ፣ ጨው ይብዛበት አይብዛበት የሚጠቁም ልኬት ተወስዶ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቆፋሪው የሚፈልገው ጋዙን ነውና ያንን ገጽ ገልጦ ያልፈዋል። እናቲቱ የቆመችው በዚያ ገጽ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቡት፣ ያ መዝገብ ስንት ዓመት ሲጠራቀም ኖሯል? አሜሪካዊው ሲንክሌር የተባለ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የተፈራረመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ኦጋዴን ያን ጊዜ ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር፤ አገሩ ሳይመለስ የፍለጋው ውል ቀደመ ማለት ነው። ሲንክሌር ቆፈረ፣ የሚፈልገውን ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወጣ። ቀጥሎ ቴኔኮ መጣ፣ እሱም አሜሪካዊ ነው። ካሉብ ላይ ጋዝ ያገኘው እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ሂላላ የተባለው መስክም ተከተለ። ወዲያው አብዮት ፈነዳ፣ ከዚያ የሶማሊያ ወረራ መጣ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ገብተው ካሉብና ሂላላ ላይ ጉድጓድ ጨመሩ፣ መንግሥት ሲለወጥ እነሱም ሄዱ። በኢሕአዴግ ዘመን የዓለም ባንክ ብድር ሰጠ፣ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፣ አልሆነም። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፣ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ተፈራረመ።

ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ሳይነሳ አይታለፍም። በዚያን ዕለት አቦሌ የፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ኃላፊነቱን የወሰደው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹ እንደኔ እንጀራ ፍለጋ የሄዱ ሠራተኞች ናቸው። እንደዚያ ያለ ካምፕ ውስጥ ያደረ ሰው ያንን ዜና ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያ አገር ጋዝና ጥይት አብረው ነው የሚነሱት። የአገሬው ሰውም ከሁለቱም ወገን መከራውን አይቷል። መንግሥትና ኦብነግ በ2011 ዓ.ም. የተፈራረሙት የአሥመራ ስምምነት ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ስለ ካሉብ ምረቃ አናወራም ነበር።

ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሂላላ ላይ በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ማውጣት መጀመሩን ተናገሩ። ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ነገ ቤንዚን ሊረክስ ነው የሚል ወሬ ሁሉ ነበር። ቀጥሎ ጋዙን ወደ ጅቡቲ የሚወስድ የ767 ኪሎ ሜትር ቱቦ ስምምነት ተፈረመ። ቱቦው አልተዘረጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የፖሊ ጂሲኤል ፈቃድ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ክምችቱን አጥንቶ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ መሆኑን አረጋገጠ። እነሆ አሁን ደግሞ የቻይናው ጎልደን ኮንኮርድ ካሉብ ላይ ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ጀመረ።

የዘገየነው በጦርነት ምክንያት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ጦርነቱ አንድ ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አልጄሪያን ተመልከቱ። ሰሐራ መሀል ሐሲ ርመል የሚባለው ትልቅ የጋዝ መስክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፣ የነፃነት ጦርነቱ በተፋፋመበት። ጦርነቱ በ1962 አበቃ። በ1964 ዓለም ያየው የመጀመሪያው ትልቅ የንግድ ጋዝ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ አርዜው በተባለው ወደባቸው ሥራ ጀመረ። በስምንት ዓመት። እኛ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀብን። እነሱ የራሳቸው ባሕር ነበራቸው፣ ጋዙን የሚገዛቸው አውሮፓም ከባሕሩ ማዶ ነበር፣ ልዩነቱ ይገባኛል። ቢሆንም የኛ ነገር በየመንግሥቱ «ሀ» ተብሎ ሲጀመር ነው የኖረው። አንዱ የጀመረውን ሌላው አይቀጥልም።

አሁን ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ሰው በቁጥሩ እየተደናገረ ነው። የተመረቀው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። ጋዝ ወደ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ወደ 600 እጥፍ ያህል ይጨማደዳል፤ በቦቴ መጫን የሚቻለው ለዚህ ነው። ወደ ጋዝነት መልሳችሁ ብታሰሉት በዓመት 66 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክምችቱ ደግሞ 200 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር አካባቢ ነው። አካፍሉት። በዚህ ፍጥነት ከሄድን ጋዙ ለመጨረስ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ይፈልጋል! ሁሉም ጋዝ እንደማይወጣ አውቃለሁ፣ ሂሳቡ ለግንዛቤ ነው። የተጀመረው ነገር ገና ጭላንጭል መሆኑን ለማሳየት ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ይደርሳል ተብሏል። ዋናው ተጠቃሚ ግን ጎዴ ላይ ዳንጎቴ ሊሠራው የተፈራረመው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው የሚሆነው። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። ለዚህ የሚሆን ጋዝ ከካሉብና ከሂላላ በቱቦ ይሄዳል። እዚያው ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያም ታስቧል።

በበኩሌ ማዳበሪያውን ነው የምመርጠው። ጋዙን ሸጦ ዶላር ከማምጣትና በዶላሩ ተመልሶ ዩሪያ ከመግዛት፣ ዩሪያውን እዚሁ መሥራት ለገበሬው የተሻለ ነው። የክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ዘገየ ሲባል የገበሬ ፊት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይከራከረኝም።

እዚህ ላይ ግን ወደ ውሃዬ ልመለስ። ማዳበሪያ ፋብሪካ ውሃ ይጠጣል። ለእንፋሎት፣ ለማቀዝቀዣ። ማጣሪያም እንደዚሁ። ጎዴ የተመረጠችው ዋቢ ሸበሌ ዳር ስላለችም ይመስለኛል። ዋቢ ሸበሌን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ ቤት ጠርጎ ይወስዳል፣ ሲጠፋ አሸዋ ብቻ ይቀራል። እስከ ሶማሊያ ድረስ ስንት እርሻና ስንት ከብት በሱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁጠሩት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። «ጉ»ም «ዴይር»ም አልመጡም፤ የአገሬው ሰው ሁለቱን የዝናብ ጊዜዎች የሚጠራቸው እንዲህ ነው። የሞተው ከብት ብዛት፣ በየመንገዱ የደረቀው የግመል አጥንት... ቢርካው ሁሉ ባዶውን ነበር። ቢርካ ማለት ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ የሚያጠራቅሙበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው። እሱ ከደረቀ ውሃ ከከተማ በቦቴ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ገንዘብ የሌለው ይሰደዳል።

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምለው? በእጃችን ያለውን እንክፈተው ነው የምለው። ከሲንክሌር ጀምሮ የተቆፈሩት ጉድጓዶች መዝገብ የሀገር ንብረት ነው። በሳይዝሚክ፣ ማለትም ወደ መሬት ውስጥ በሚላክ ሞገድ፣ የተነሳው የከርሰ ምድር ሥዕልም እንደዚያው። ያንን ሥዕል ለማንሳት ቡልዶዘር ግራሩን እየገመሰ ቀጥ ያለ መንገድ አውጥቷል፤ ዛሬም ግመሎች በሱ ላይ ይሄዳሉ። አገሬው ግራሩን ከፍሏል፣ የግጦሽ መሬቱን ከፍሏል። ከሥዕሉ ግን ምንም አልደረሰውም። ስለ ጋዙ ያለውን ምስጢር ጠብቁት፣ የንግድ ነገር ስለሆነ ይገባኛል። ስለ ውሃው ያለውን ግን ለክልሉ ውሃ ቢሮ፣ ለጅግጅጋና ለቀብሪደሃር ዩኒቨርሲቲዎች ስጧቸው። ወጣቶቹ ተንትነው የት ቢቆፈር ጣፋጭ ውሃ እንደሚገኝ፣ የት ቢቆፈር ጨው እንደሚወጣ ካርታ ያውጡ። በዚያ አገር ያለ ካርታ መቆፈር ማለት ገንዘብ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። ስንት ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው መሮ ፓምፑ ዝጎ እንደቀረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሕልም አይደለም። ሊቢያ ውስጥ ኩፍራ የተባለው በረሃ ሥር ያለው ትልቅ ጣፋጭ ውሃ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነዳጅ ሲፈለግ ነው። ነዳጅ ፈላጊዎቹ ውሃ መቱ። በኋላ ያንን ውሃ በግዙፍ ቱቦ ወደ ባሕር ዳር ከተሞቻቸው ወሰዱት። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2013 ቱርካና ላይ ትልቅ የከርሰ ምድር ውሃ ተገኘ ተብሎ ዓለም ጉድ አለ፤ ለዚያም የሳተላይትና የነዳጅ ፍለጋ መረጃ ተጠቅመዋል። በኋላ ሲቆፍሩት ሎቲኪፒ ላይ ውሃው ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ጨዋማ መሆኑን ማወቅም ዕውቀት ነው፣ እናት ባዶ ጀሪካን ይዛ አርባ ኪሎ ሜትር ከመሄዷ በፊት ቢታወቅ ይሻላል።

በነገራችን ላይ አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። ካሉብ ላይ ጋዙ ካለባቸው ንብርብሮች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። ትግራይ አዲግራት አካባቢ ገደል ሆኖ ፊት ለፊት የሚታየው ድንጋይ፣ ኦጋዴን ላይ ከመሬት በታች በጣም ጠልቆ ነው የሚገኘው። ያንን ባለሙያው ሲነግረኝ ቦቴዬ ላይ ተደግፌ ዝም ብዬ ቀረሁ።

ሌላው የብክለት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በካሉብ አካባቢ ያሉ ሰዎች ያልታወቀ ሕመም ይዞናል፣ ከጋዙ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ብለው ለውጭ ጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። መንግሥት አስተባበለ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። ግን እንዲህ ያለ ወሬ የሚሞተው በማስተባበያ አይደለም። በየሦስት ወሩ በአካባቢው ያለው ጉድጓድና ቢርካ ይመርመር። ውጤቱ በሶማሊኛ ተጽፎ መስጊድ በር ላይ፣ ቀበሌ በር ላይ ይለጠፍ። በሬዲዮ ይነበብ። ንጹሕ ከሆነ ሰው አርፎ ይጠጣል። ካልሆነ በጊዜ ይታወቃል። አልጄሪያ ውስጥ ኢን ሳላህ የምትባል የበረሃ ከተማ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2015 አደባባይ የወጣው ለውሃው ፈርቶ ነው። ድንጋይ ሰብሮ ጋዝ የማውጣት ሙከራ የምንጠጣውን ውሃ ያበላሽብናል ብሎ። የበረሃ ሰው በውሃው ከመጡበት ዝም አይልም፣ ዝም እንዲልም መጠበቅ የለብንም።

ሕገ መንግሥታችንም በዚህ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 98 ደግሞ ከፔትሮሊየምና ከጋዝ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ (ከምርቱ ለመንግሥት የሚከፈለውን ድርሻ) የፌዴራልና የክልል የጋራ አድርጎታል። ጥሩ ነው። ግን ጅግጅጋ የደረሰ ገንዘብ ሽላቦ ደረሰ ማለት አይደለም። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የፔትሮሊየም ሕግ ለአውራጃው 20 በመቶ፣ ነዳጁ ለሚወጣበት ማኅበረሰብ ደግሞ 5 በመቶ ብለው ለይተው አስቀምጠዋል። ለቀበሌው፣ ለእናቲቱ ማለት ነው። እኛም እንዲህ ብለን በቁጥር ብናስቀምጠው እወዳለሁ።

አንድ ሐሳብ አለኝ፣ መሐንዲሶቹ ይፍረዱበት። ከካሉብ ወደ ጎዴ የጋዝ ቱቦ ሊቀበር ነው። መሬቱ ይከፈታል፣ ማሽኑ በቦታው ይኖራል፣ መንገዱ ይጠረጋል። ዋናው ወጪ እዚያ ላይ ነው። ያንኑ መንገድ ተከትሎ ሁለተኛ ቱቦ ይቀበር፤ ውሃ የሚሸከም። ካርታው የሚያሳየው ጣፋጭ ጉድጓድ ካለ ከሱ፣ ከሌለም ከወንዙ ተጣርቶ በመጠን። በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ ለሰው ቧንቧ፣ ለግመልና ለፍየል ገንዳ። ጋዙን ከጥቃት የሚጠብቀው ወታደር ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አቦሌ ላይ አይተናል። ከጎኑ ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ ግን አርብቶ አደሩ ራሱ ነው የሚጠብቀው።

የሚመለከታቸው የማዕድንና የውሃ ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ፣ ጋዜጣችሁ ላይ መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለኛል። በተለይ አንዷን ጥያቄ፦ የጎዴው ፋብሪካ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ሊወስድ ነው? ከየት?

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የውሃ ቦቴ ሹፌር